ዝም የሚለው እርሳስ

ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

ሞሩቲ ሴኪ ዛሬ ቢሮው አስጠርቶ ቁርጡን ነገረኝ። ሞሩቲ ማለት ሰባኪ ነው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የሚሲዮኑን ማተሚያ ቤት እንዲመራ ተሹሟል። መዶሻና መጋዝ የማይለይ ሰው አናጢ ቤት ሲሾም ማለት ነው።

«ንታቴ ጼኮ፣ የመዝሙሩ መጽሐፍ ለስቅለት ይድረስ። በኮምፒውተር ይለቀም። የእርሳስ ፊደሉን በማርች መጨረሻ ብረት ገዢው መጥቶ ያነሣዋል።»

«የሚያነሣው ፊደል ነው ወይስ ቁርጥራጭ?»

«እርስዎ ፊደል ይበሉት። ሰውየው በሚዛን ነው የሚያየው።»

ንታቴ፣ አባቴ፣ እየተባልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት በሠራሁበት ቤት እንዲህ ተባልኩ። አልተከራከርኩም። አንድ ነገር ብቻ አስጻፍኩ፤ አዲሱ መጽሐፍ በ1958 ከታተመው ጋር ገጽ ለገጽ፣ መስመር ለመስመር አንድ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሰው መዝሙሩን በቁጥር አይፈልገውም። «ግራ ገጽ፣ ከላይ ሁለተኛው» ይልና ይገልጠዋል። ማንበብ የማይችሉት እንኳ ገጹን በመልኩ ያውቁታል።

ያንን መጽሐፍ ንታቴ ሌቴካ የእርሳስ ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሡ ብቻቸውን በእጃቸው ለቀሙት። አራት መቶ ዐሥራ ሰባት መዝሙር፣ እያንዳንዱ በአራት ድምፅ። እኔንም ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሰማንያ አምስት ሆኗቸዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። ልጃቸው ማምፖይ ባለፈው እሑድ «የዘንድሮን ብርድ አያልፉትም» አለችኝ።

መጽሐፉን በእጃቸው ላስቀምጥላቸው እፈልጋለሁ፣ አንዲት ፀጉር ሳይዛነፍ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ፌብሩዋሪ 11

ክፍተቶቹን ለካሁ።

ፊደልን ማንም ያያል። በፊደልና በፊደል መካከል የሚገባውን እርሳስ የሚያውቀው ግን ለቃሚ ብቻ ነው። ከፊደሉ ዝቅ ስለሚል ቀለም አይነካውም፣ ወረቀት ላይም አይወጣም። ንታቴ ሌቴካ «ዝም የሚለው» ይሉታል። ትልቁ ካሬ ነው፤ ስፋቱ ከራሱ ቁመት እኩል። ከዚያ ግማሹ፣ ሲሶው፣ ሩቡ፣ አምስተኛው ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ፀጉር የምንለው ስስ ቅጠል። ሁሉም ከካሬው የተከፈሉ ናቸው። ካሬውን የለካ ሁሉንም ለካ።

መሳቢያው ላይ «10» ተብሎ ተጽፏል፣ ዐሥር ነጥብ ማለት ነው፤ ነጥብ የማተሚያ ቤት መለኪያ ነው። ዐሥር ካሬ አውጥቼ ደረደርኩና በክር አሰርኳቸው። በብረት ማስመሪያዬ ስለካቸው መቶ ነጥብ መሆን ሲገባቸው መቶ ሰባት መጡ። የሰባ ዓመት ቀለምና አቧራ ነው። በቤንዚን አጠብኳቸው። አሁንም መቶ ሰባት። ጠርዛቸው ተቀጥቅጦ ያበጠ ይሆናል።

መቶ ብዬ ጻፍኩ። ሰንጠረዡን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ካሬ 10፣ ግማሽ 5፣ ሲሶ 3.33፣ ሩብ 2.5።

ፌብሩዋሪ 12

ሰንጠረዡን ለአውሲ ሊኔዎ ሰጠኋት። ሁሉም አውሲ፣ እህት፣ ይሏታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው እሷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አልቶ፣ ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ፣ ትዘምራለች፣ ስትሠራም ታንጎራጉራለች። ሁለት ጊዜ ተዪ ብያታለሁ።

«ስሚ» አልኳት፤ «እኛ ዜማ የምንጽፈው በፊደል ነው። ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ የሚታየው በክፍተቱ ነው። አራቱ ድምፆች አንዱ ከሌላው ሥር ሲደረደሩ ካልተያዩ...»

«ንታቴ፣ አልቶ ነኝ እኮ። ዕድሜዬ ያለቀው ባዶ ቦታ ስቆጥር ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ክፍተት ዕቃ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ካሬውን ሺህ ቦታ ይከፍሉታል። በቃልና በቃል መካከል ያለው ደግሞ ፊደሉን የሣለው ሰው የወደደው ያህል ነው፤ አንዱ ሩብ ያደርገዋል፣ ሌላው ከዚያም ያሳንሰዋል። መስመሩን ዳርና ዳር አስተካክል ሲሉት ሁሉም እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ጣት የማይዘውን ነገር እንዴት ያምኑታል?

«ፊደሉን ዐሥር ሳደርገው ከአሮጌው ገጽ ያንሳል» አለችኝ። «ዐሥር ነጥብ ሰባት ሳደርገው ልክክ አለ።»

«ፊደል ሠሪ ሁሉ መልኩን እንደፈቀደው ይሥላል። ፊደሉን በዓይንሽ አስተካክዪ። ክፍተት ግን ስሌት ነው። ሰንጠረዡን ተከተዪ።»

«ሁለቱም ከአንድ ካሬ የወጡ አይደሉም እንዴ?»

«ሰንጠረዡን!»

ደፋር ናት።

ፌብሩዋሪ 17

ሙቀት። መብራት ሦስት ጊዜ ጠፋ። ስድሳ መዝሙር ተለቅሟል። የመኝታ ቤቴ መስኮት አሁንም ተከፍቶ አልቆም አለ፤ የወይራ ጣውላዋን እንደወትሮው ሥሩ ወተፍኩ። ማሊፑዎ «ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ እንጨት! ማጠፊያ የሚባል ነገር መሠራቱን አልሰማህም?» አለች። ሚስት።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሑድ

ኮክ የሚደርቅበት ሰሞን ነው። ግቢው ሁሉ ኮክ ኮክ ይሸታል። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር ወደ 1970 ይመልሰኛል።

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣሁ የሃያ ዓመት ሰው ነበርኩ። ጫማዬ የተወለወለ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሦስት ብዕር የሰካሁ። የእርሳሱ ክፍል መስኮት ኮክ ዛፉ ላይ ይከፈት ነበር። ስድስት ለቃሚዎች ቆመው ይሠሩ ነበር፤ ከአፋቸው ቃል አይወጣም፤ የሚሰማው እርሳሱ በግራ እጃቸው ወደያዙት መደርደሪያ ሲገባ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ካፊያ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ንታቴ ሌቴካ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ስንት ብዕር ነው የያዝከው?» አሉ።

«ሦስት።»

«እዚህ የሚጻፈው በጣት ነው። አስቀምጣቸው።»

ዓይኔን በሻሽ አስረው እርሳስ መዳፌ ላይ ያስቀምጡ ነበር። «ሲሶ ነው ሩብ?» «ሩብ።» «ሲሶ። ድገም።» እንዲህ ሁለት ወር። የክፍተቱን ስፋት አውራ ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ እስኪያውቅ ድረስ። ቁጡ አልነበሩም። የለቀምኩትን መስመር ያዘነብሉታል፤ በደንብ የተሞላ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ካልሆነ ይፈርሳል። ከፈረሰ «ይኼስ ነፋስ ይገባዋል» ይላሉ። በቃ። ከዚያ ራሴ እለቅመዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ የአንዱንም ድምፅ ዛሬ አላስታውስም። ይህን ግን እሰማዋለሁ።

ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ፣ ራሳቸው የጠረቡት የእንጨት ማስመሪያ ተሰቅሎ ነበር። ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው። በ1979 ናይሮቢ ስድስት ወር ሠልጥኜ የብረት ማስመሪያ ይዤ ተመለስኩ። ሠራተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ «የእንጨቱ ከመቶ ሰባት ይሳሳታል» አልኩ። እውነት ነበር። አሳየሁ። ሁሉም አዩ። ንታቴ ሌቴካ «እንግዲህ አወቅን» ብለው ማስመሪያቸውን ከሚስማሩ አወረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሰቀለው የእኔ ነው።

በሙያ ይሉኝታ የለም። ልክ የሆነ ነገር ልክ ነው።

ጡረታ የወጡ ቀን አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሽሙጥ መሆኑ ገብቶኛል። ምን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

ማርች 3

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ታትመው መጡ። አሮጌውን ገጽ መስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ አዲሱን ከላዩ አደረግሁ። ቃል የበዛባቸው መዝሙሮች ፊደል በፊደል ተደራረቡ። ሊኔዎ አንድ ነገር እንድል ስትጠብቅ አየኋት። «ቀጥዪ» አልኳት።

ማርች 8

ሁለት ሠራተኞች ሲያወሩ ከማተሚያ ክፍሉ በር ኋላ የሰማሁት፦

«ንታቴ ጼኮ ዛሬ ምን ሲያርሙ ዋሉ?»

«ባዶ ቦታ።»

«ስሕተት አገኙ?»

«ባዶ ቦታ ውስጥ? እሳቸው ቢሆኑ ገነት ውስጥም ያገኛሉ።»

ገባሁ። ሁለቱም ወረቀት መቁጠር ጀመሩ።

ማርች 10

ሊኔዎ 112ኛውን ይዛ መጣች። ግራ ገጽ፣ ከላይ ሁለተኛው፤ ሶፕራኖዎቹ ሴቶች ያለ ዕረፍት ሲዘምሩ ባሶቹ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች፣ አራት ምት ዝም ብለው ጠብቀው የሚገቡበት።

«ንታቴ፣ የባሱን መስመር ይዩት። ወደ ግራ ተንሸራቷል። ፊደል የበዛበት መስመር ደህና ነው፤ ባዶ የበዛበት ነው የሚያጥረው። ካሬው ራሱ ያጠረ ይመስለኛል።»

«ካሬው ዐሥር ነው።»

«ነጥቡ ሌላ ዓይነት ነጥብ ቢሆንስ? እዚህ ኮምፒውተር ላይ እኮ ሁለት ዓይነት አለ። እባክዎ አንዴ ይለኩልኝ።»

አንቺ ሳትወለጂ ነው የለካሁት አልኳት። ሳትወለድ አይደለም፤ የለካሁት ባለፈው ወር ነው። ግን ትርጉሙ ገብቷታል። ፊቷ ተለወጠ። ከሰዓት በኋላ አላንጎራጎረችም። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ልክ እንደ ድሮው። ምንም ደስ አላለኝም።

ማርች 14፣ እሑድ

ውርደት።

ሞሩቲ ሴኪ ሳይነግረኝ ገጾቹን ለመዘምራኑ አድሎ ኖሯል። ከአምልኮ በኋላ 112ኛውን ሲለማመዱ ባሶቹ ዕረፍታቸው ሳያልቅ ጓ አሉ። ቆሙ፣ ደገሙት፣ እንደገና ቀድመው ገቡ። ከባሶቹ አንዱ፣ ግዙፉ አናጢ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «እኔ ምን ላድርግ? መጽሐፉ ግባ አለኝ፣ ገባሁ!» ሲል ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ የተከናነቡትን ብርድ ልብስ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ።

ንታቴ ሌቴካ አልነበሩም። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ማምፖይ ነበረች።

ቤት ስደርስ ራት አልበላም አልኩ። ማሊፑዎ «ባሌ ከባዶ ቦታ ጋር ተጣልቶ ጾሙን አደረ ብዬ ለማን ልንገር?» አለች። ትሳቅ። የስቅለት ቀን ሦስት ሺህ ሰው ያንን መጽሐፍ ገልጦ ይዘምራል። ወይም አይዘምርም።

ማርች 15

ለሞሩቲ ሴኪ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። ስሕተቱ የደረሰው ከኮምፒውተሩ ክፍል እንደሆነ፣ ሠራተኛዋ የተሰጣትን ልክ ትታ በፊደሉ መጠን ላይ የራሷን ቁጥር እንደተጠቀመች፣ በሥራ ሰዓት ሐሳቧ እንደማይሰበሰብ። የሆነውን ነው የጻፍኩት። በፊደሉ መጠን ላይ የራሷን ቁጥር ተጠቅማለች።

በዓይንሽ አስተካክዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ለመጨመር ቦታ አልነበረም።

ማርች 17

ሊኔዎን መጻሕፍት መሸጫው ውስጥ መደቧት። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ በአጠገቤ አለፈች። «ደህና ይዋሉ ንታቴ» አለች። ከዚህ የባሰ ነገር ብትል ይሻለኝ ነበር።

ማርች 20

ሦስት ቀን ራሴ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ክፍተት ስነካ ገጹ በሙሉ ይተራመሳል። የባሱን መስመር በእጄ ገፍቼ ሳስተካክል የቴነሩ፣ የቀጭኑ የወንድ ድምፅ፣ መስመር ይሸሻል። ትናንት 112ኛውን አስተካክዬ 113ኛውን አጠፋሁት። የት እንደሄደ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

ማርች 24

ንታቴ ሌቴካ ዘንድ ሄድኩ። እንዳልሄድ ሰበብ ስፈልግ ሰንብቼ ነበር። ዐሥሩን ካሬ በክር እንደታሰሩ በኪሴ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኳቸው አላውቅም።

ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ማምፖይ ወንበር አመጣችልኝ፣ ሰላምታዋ ግን አጭር ነበር።

«ማነው?»

«ጼኮ ነኝ፣ ንታቴ።»

«ጫማህን ሰማሁት። ዛሬም ትወለውለዋለህ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ባሶቹ ቀደሙ አሉኝ።»

«ልጅቷ...»

«ልጅቷን ተዋት። ኪስህ ውስጥ የሚንቀጫቀጨው ምንድን ነው?»

ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸው እስሩ ላይ ሄደ፣ መጣ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር በራ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ክፍል ያገኙ ይመስላሉ።

«ካሬዎቼ። ለምን ለሰለሱ?»

«በቤንዚን አጥቤአቸው ነው።»

«ምን ያጥባቸዋል? እንግዳ ሊመጣባቸው ነው?» ሳቁ፣ ሳል ያዛቸው፣ ማምፖይ ውኃ አመጣች። ሲመለስላቸው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጼኮ። ዝም የሚለውን በምን ለካኸው?»

«በብረቱ።»

«ብረቱ የማን አገር ነው?»

«የእንግሊዝ።»

«እነዚህስ?»

መሳቢያዎቹን የሠሩት፣ እርሳሱን በመርከብ ያመጡት፣ ማተሚያ ቤቱንም የከፈቱት ፈረንሳዮች መሆናቸውን እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። የማተሚያ ቤቱን የመቶኛ ዓመት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ካሬዎቹን ተቀብዬ መልሼ ኪሴ ከተትኩ። እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙትም።

ልወጣ ስል «ማስመሪያዬ አለ?» አሉ።

«አለ።»

«የት?»

«ቤት አለ፣ ንታቴ።»

«በደንብ አስቀምጠኸዋል?»

«በደንብ።»

ማርች 27

ብረት ገዢው መጣ። ሁለት ሰዎች መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጆንያ ውስጥ ገለበጧቸው። ኤው፣ ኤሙ፣ ካሬው፣ ፀጉሩ ሁሉ አንድ ላይ። ድምፁ እንደ በረዶ ዝናም ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ምንም። ዐሥራ ዘጠኝ ጆንያ። ሹፌሩ «አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አለኝ።

ፈቀቅ አልኩ።

ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ቀርቷል። የብረት ማስመሪያዬን አንሥቼ ቤት ወሰድኩ።

ማርች 28፣ እሑድ

ጠዋት ነፋስ መጣ። መስኮቱን ለመዝጋት ጣውላዋን መዘዝኳት።

ልጽፈው ነው። የወይራ ጣውላዋ የንታቴ ሌቴካ ማስመሪያ ናት። በጨርቅ ጠቅልለው የሰጡኝ። ጨርቁን ማሊፑዎ መጥረጊያ አደረገችው፤ እኔ ደግሞ ማስመሪያውን ከ1984 ጀምሮ በየቀኑ መስኮት አቆምኩበት።

በእጅጌዬ ጠረግኋት። በቢላ ጫፍ የተበጁት መስመሮች አሁንም አሉ፣ እኩል እኩል። ዐሥሩን ካሬ ከኪሴ አውጥቼ ከላይዋ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው ጠርዝ ከመነሻው መስመር፣ የመጨረሻው ጠርዝ ከመቶኛው መስመር። በመካከላቸው ፀጉር አይገባም።

ከዚያ የብረቱን አመጣሁ። መቶ ሰባት።

ቆሻሻ አልነበረም። እብጠትም አልነበረም። የፈረንሳዮቹ ነጥብ ከእንግሊዞቹ ከመቶ ሰባት ይሰፋል። ሊኔዎ ፊደሉን ዐሥር ነጥብ ሰባት ስታደርገው ልክ ነበረች። ቁጥሩን በጆሮዬ ነግራኛለች። ፊደሉን በፈረንሳይኛ፣ ዝምታውን በእንግሊዝኛ አስለቀምኳት፤ ስለዚህ አንድ ድምፅ ዝም ባለ መጠን ያጥር ነበር። ብዙ የሚጠብቀው ብዙ ተቀነሰበት።

በ1979ም ተሳስቼ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ማሊፑዎ መጥታ «መስኮቱን ምነው ዘጋኸው?» አለች። ነፋስ ነው አልኳት።

ማርች 29፣ ሰኞ

መጻሕፍት መሸጫው። ከፊቴ ደብተር የምትገዛ ሴት ነበረች፣ ከኋላዬም ሁለት ሰው። ሊኔዎ አየችኝ፣ ሴትዮዋን ግን አላጣደፈቻትም።

«ምን ልርዳዎት፣ ንታቴ?»

«ክፍተቱ ልክ አይደለም።»

«ለኮምፒውተር ክፍል ይንገሩ። እዚህ እርሳስና ላጲስ ነው ያለን።»

ኋላዬ ያለው ሰው ሳቀ። ጣውላዋንና ካሬዎቹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብላ አየች። መስመሮቹን በጥፍሯ ቆጠረች። ባንኮኒው ላይ ጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይል ነበር።

«ዐሥር ነጥብ ሰባት» አለች።

«አዎ።»

«ነግሬዎት ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ እዚህ በደብዳቤ ነው የመጣሁት፣ ንታቴ። በደብዳቤ ነው የምመለሰው።»

ሞሩቲ ሴኪ ዘንድ ሄጄ የመጀመሪያውን ደብዳቤ መልስልኝ አልኩት። ፋይል ገብቷል አለ። ቁጭ ብዬ ሌላ ጻፍኩ፦ «የልኩን ሰንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። አውሲ ሊኔዎ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃኝ አልሰማኋትም።» ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ያኛው ሁለት ገጽ ነበር።»

«ይኼኛው ሁሉም ነገር አለበት።»

ማርች 30

ተመለሰች። እኔ የነካካሁትን ሁሉ አጥፍታ ወደ በፊቱ መለሰችው። ከዚያ ካሬው ዘንድ ሄዳ አንድ ቁጥር ለወጠች። አንድ። ሲሶው፣ ሩቡ፣ አምስተኛው፣ ሁሉም ተከትሎ ሄደ። የአራት መቶ ዐሥራ ሰባት መዝሙር ባዶ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲተነፍስ በዓይኔ አየሁ። 113ኛውንም አገኘችው።

አሮጌውን ገጽ መስታወት ላይ ለጠፍኩ፣ አዲሱን ከላዩ። አንድ ገጽ ሆኑ።

«ታዲያስ?» አለች።

«ነፋስ አይገባውም» አልኳት። የምታውቀው አባባል አይደለም። ግን ገባት።

ማንጎራጎር ጀመረች። ተዪ አላልኩም።

ኤፕሪል 2

ማሽኑ ቀንና ሌሊት። ወረቀት ደረሰ። ለሊኔዎ ከቤት የደረቀ ኮክ ወሰድኩላት፤ ማሊፑዎ ነው የላከችው አልኳት።

ኤፕሪል 6

ማምፖይ ላከችብኝ። ንታቴ ሌቴካ ከአልጋ አይነሡም። ጥራዙ ገና ነው። ትንሽ ይጠብቁ። አራት ምት ብቻ።

ኤፕሪል 9፣ ስቅለት

ለመዘምራኑ የሚበቁት የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ቅጂዎች ትናንት ማታ ተጠረዙ፤ ሌላው ሰው ለዛሬ በአሮጌው ይዘምራል፣ ገጹ አንድ ነው። የሙጫው ሽታ ገና አልለቀቃቸውም። አንዱን ይዤ ጠዋት ሄድኩ።

ንታቴ ሌቴካ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መጽሐፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ገለጡት። አውራ ጣታቸው ገጹ ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ፊታቸው ጨለመ።

«ምንም የለውም። ፊደሉ የታለ?»

እርሳስ ወረቀቱን ይጫነዋል፤ የጠፋ ዓይን በጣት ያነበዋል። ይኼኛው ማሽን ላዩን ነክቶ ነው የሚያልፈው። ወረቀቱ እንደ ሳህን ለስላሳ ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስለ አንዲት ፀጉር ስጨቃጨቅ ይህን አላሰብኩም።

«አለ፣ ንታቴ። አይዳሰስም እንጂ አለ።»

«እንግዲያ ዘምሩልኝና ልየው።»

የዘመርኩት እኔ አይደለሁም፤ ድምፄ ለመዝሙር እንደማይሆን እሳቸው ያውቃሉ። ሊኔዎ ዘንድ ሰው ላክሁ። ከአምልኮ በኋላ መዘምራኑን በሙሉ ይዛ መጣች። ክፍሉ አልበቃቸውም፤ ግቢው ውስጥ፣ ቢጫ የሆነው ኮክ ዛፍ ሥር ቆሙ፣ በሩን ከፈትንላቸው። ግዙፉ አናጢ መጽሐፉን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞታል።

ግራ ገጽ፣ ከላይ ሁለተኛው።

ሴቶቹ ጀመሩ። የንታቴ ሌቴካ አውራ ጣት ብርድ ልብሱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ መርጦ የሚያነሣ፣ መርጦ የሚያስቀምጥ። ባሶቹ ዝም ያሉበት ጋ ሲደርስ ጣታቸው አራት ጊዜ ተጫነ። አንድ ካሬ። ሁለት። ሦስት። አራት። ከዚያ ባሶቹ ገቡ፣ እንደ ምድር ከሥር።

«አየሁት» አሉ።

መዘምራኑ ሲሄዱ አጠገባቸው ቀረሁ። ያኔ በ1979 ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ሰው ፊት ነበር። አንተ ገና ሠላሳ አልሞላህም። ሰው ፊት አዋርጄህ ነው የማስተምርህ?» ትንፋሽ ፈለጉ። «ኋላ ማስመሪያውን ስሰጥህ ትለካበታለህ ብዬ ነው። በማግስቱ ትመጣለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

ሃያ ዓመት ነው የጠበቁት።

«ንታቴ፣ ልናገር። መስኮት አቆምኩበት።»

«ምን?»

«ማስመሪያውን። የመኝታ ቤቴን መስኮት ነበር የምደግፍበት።»

ደረታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳል መስሎኝ ማምፖይን ልጠራ ተነሣሁ። ሳቅ ነበር።

«ሃያ ዓመት?»

«ሃያ ዓመት።»

«ጣመመ?»

«አልጣመመም።»

«ወይራ ነዋ» አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኤፕሪል 12፣ ሰኞ

ንታቴ ሌቴካ ትናንት፣ በፋሲካ ቀን፣ ወደ ማታ ዐረፉ። መጽሐፉ ደረታቸው ላይ እንደነበር ማምፖይ ነገረችኝ። 112ኛው ላይ ተገልጦ ይሁን አይሁን ግን አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትምም። አንዳንድ ነገር ባይለካ ምን አለበት።

ከሰዓት በኋላ ባዶው ክፍል ገብቼ ሚስማሩን ነቀልኩ። ኮምፒውተሩ ክፍል፣ ከሊኔዎ ወንበር በላይ መታሁት፣ ጣውላዋን ሰቀልኩ። ሊኔዎ ቀና ብላ «ቀጥ አላለም፣ ንታቴ» አለች። አስተካከልኩት።

ዛሬ ውርጭ ጣለ፤ ግን የኮኩ ሽታ እንዲገባ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጌዋለሁ። የደገፍኩበት የብረት ማስመሪያዬን ነው። በደንብ ይዟል።